አዲስ ቅሬታ የለም

እታለም አንደኛውን እጅ ሳታሳይ ሁለተኛውን ትዘረጋለች። «ኦን ዘ አዘር ሃንድ»፣ ቃል በቃል «በሌላኛው እጅ»፣ ብላ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ትጀምራለች፤ ከበላዩ ግን የሚቃረነው ነገር የለም። ከተማ ውስጥ መኪና ይበዛል ብላ ትጽፍና፣ «በሌላ በኩል» ብላ ትሻገራለች፤ ተሻግራ የምታገኘው ያንኑ መኪና ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከሥራ እንደገባች ነጩን ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ከፊቷ ባለው ወንበር ላይ ሰቅላ፣ እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የጻፈችውን ሳነብ ትጠብቀኛለች።

«እና?» አለችኝ።

«ይሄ ‹በሌላ በኩል› እዚህ ምን ይሠራል?»

«ተቀምጧል።»

«ምን ሊያደርግ?»

«አንተ ደግሞ! ሰው ቤት ስትገባ ‹እንደምን ዋላችሁ› ትል የለም እንዴ? አንቀጽ ውስጥ ስገባ የምለው ነው።»

ሳቅኩና ሰረዝኩት።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት፤ ሥራዋ አዋላጅነት ነው። ከአገር ውጭ ያለ አንድ ሆስፒታል ሊቀጥራት ተስማምቷል። የትምህርት ማስረጃዋ፣ የሥራ ልምዷ፣ የጤና ምርመራዋ፣ ሁሉም አልቋል። ከእንግሊዝኛው ፈተና ማዳመጡን አልፋለች፣ ማንበቡን አልፋለች፣ መናገሩንማ ፈታኟን አስቃ ነው የወጣችው። የሚጥላት መጻፉ ነው። ሁለቴ ወድቃለች። ቀጣሪዎቹ አሁን ካላለፈች ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት በትህትና አሳውቀዋታል። ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

እኔ በበኩሌ ሩቅ አገር ሄጄ ወጣትነቴን የጨረስኩት በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። እንግሊዝኛን ከሌላ ቋንቋ በኋላ የተማሩ ሰዎች ሲጽፉ፣ ተያይዘው የሚመጡ የተለመዱ ሐረጎችን፣ «በሌላ በኩል»ን፣ «ከዚህ የተነሳ»ን፣ «ልብ ሊባል የሚገባው ነገር»ን፣ እንዴት እንደሚጠቀሙባቸው አጠናሁ። ማጥናት ስል መቁጠር ማለቴ ነው። የማላውቃቸው ተማሪዎች የጻፉትን ሰብስቤ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ከትቼ፣ የትኛው ሐረግ ምን ያህል ጊዜ እንደመጣ ቆጠርኩ። ያገኘሁት ባጭሩ ይህ ነው፦ በሰው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ሐረጎችን ይዞ አይለቅም፤ መብራት በጠፋበት ቤት ግድግዳ እየዳበሰ እንደሚሄድ ሰው። ይህን ለማወቅ ያ ሁሉ ዓመት ያስፈልግ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ እኔም እጠይቃለሁ።

ቀዮ የምንላት የእታለም ባልደረባ ሐረግ እንደምቆጥር ስትሰማ የዘር ሐረግ መስሏት፣ «እስቲ የኔን ቁጠርልኝ፤ የባላባት ዘር ሳልሆን አልቀርም» ብላኝ ነበር። ካስረዳኋት በኋላ ደግሞ፣ «ለዚህ ነው ያን ያህል ዓመት የጠፋኸው? ሞኝህን ፈልግ!» አለች።

አሁን አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ለምን ተመለስክ ሲሉኝ በየጊዜው የተለየ መልስ እሰጣለሁ። እናትና አባታችን የሉም። የቀረን ሁለት ክፍልና ማዕድ ቤት ያለው ይህ ቤት ነው፤ የቀረችኝም እታለም ናት። ወደ አገሬ ተመለስኩ ከማለት ወደ እሷ ተመለስኩ ማለት ይቀለኛል። እኔ ሻንጣዬን ሳስገባ ግን እሷ ለመውጣት ጫማዋን እያሰረች ነበር።

ከእሷ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም። ይህ የሰዎቹ ጥፋት አይደለም። ሰላምታ ጠፍቶብኛል። ቃላቱ አልጠፉብኝም፤ አካሄዱ ነው የጠፋብኝ። ሰው «እንዴት ነህ» ሲለኝ ቶሎ እመልሳለሁ፣ ወይ እዘገያለሁ፣ ወይም ከሁሉ የከፋው፣ የምሬን እመልሳለሁ። አንድ ጠዋት ባለሱቁ ሳሙና እያወረደልኝ፣ «እንዴት አደርክ? ሰላም ነው? ሥራ እንዴት ነው?» ሲለኝ፣ «እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ሥራውም እንዳሰብኩት አልሆነም» አልኩት። ሰውዬው ሳሙናውን እንደያዘ ቀረ። ከኋላዬ የቆመችው ሴት መሬት መሬት አየች። በመጨረሻ፣ «አይዞህ፣ ያልፋል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሲያየኝ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው የሚነግረኝ።

የእታለም ሐረጎች ከሁለት ቦታ የመጡ ናቸው። አንደኛው ማሠልጠኛው የሰጣት ወረቀት ነው። ለመጀመር፣ ለማነጻጸር፣ ለመደምደም የሚሆኑ ሐረጎች በየረድፉ ተደርድረውበታል። በቁስል ፕላስተር ማዕድ ቤቱ መደርደሪያ በር ላይ ለጥፋዋለች፤ ዕቃ ስታጥብ ታነበንበዋለች። ሁለተኛው ሥራዋ ነው። ተረኛ ለተረኛ ሲያስረክብ በታካሚው ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ የሚጽፋቸው ቃላት አሉ፤ በተረጋጋ ሁኔታ ላይ ትገኛለች፣ ክትትል እየተደረገላት ነው፣ አዲስ ቅሬታ የለም፤ ቅሬታ የሚሉት ታካሚዋ አመመኝ የምትለውን ነው። እነዚህ ሳታስባቸው ነው የሚመጡላት። ስለ መኪና መጨናነቅ ስትጽፍ እንኳ፣ አውራ ጎዳናው በተረጋጋ ሁኔታ ላይ አይገኝም ብላለች።

ያን ቅዳሜ ወረቀቱን ከበሩ ላይ አነሳሁት። ፕላስተሩ የበሩን ቀለም ይዞ ተነሳ።

«ከዛሬ ጀምሮ በራስሽ ቃል ብቻ» አልኳት። «የተዘጋጀ ነገር የለም።»

«ምነው፣ ምርኩዜን ትቀማኛለህ?»

«ምርኩዝ ከያዝሽ መራመድ አትለምጂም።»

«እሱን እግሩ ለተሰበረ ሰው ሂድና ንገረው» አለች፤ ግን ተስማማች። በትምህርት ጉዳይ የምላትን ሁሉ ታምናለች።

በማግስቱ ጠዋት የእጅ ሰዓቷን ፈታ ከፊቷ አስቀመጠችና ጀመረች። እታለም ሕፃን አንገቱ ላይ እትብት ተጠምጥሞበት ሲመጣ የማይንቀጠቀጥ እጅ አላት። ያ እጅ ባዶ ወረቀት ላይ ቆሞ ቀረ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች፣ ሰረዘችው። ሌላ ጻፈች። ተነስታ ውሃ ጠጣች። ተመልሳ የሰረዘችውን አነበበች።

«ሐሳቡ እኮ ይመጣል» አለችኝ። «የሚገባበት በር ነው ያጣው።»

«ይለመዳል።»

አልተለመደም። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ስትመለስ እየተቀመጠች፣ በየቀኑ የምትጽፈው እያጠረ ሄደ። ቀድሞ ገጹን ሞልታ ትሳሳት ነበር። አሁን አትሳሳትም፤ የምትሳሳትበት ነገር አልጻፈችም።

አንድ ከሰዓት ቀዮ ብርቱካን ይዛ መጣች። ወንበር ሳትይዝ የእታለምን ወረቀት አነሳች።

«ይቺ ሴትዮ ምን ሆናለች? ፊቷ የጥርስ ሕመምተኛ መስሏል።»

«ፕሮፌሰሩን ጠይቂው» አለች እታለም።

«አራት መስመር? ካርድ ላይ እንኳ ከዚህ በላይ ትጽፊ የለም እንዴ!» ወደ እኔ ዞረች። «ስማ አንተ ሐረግ ቆጣሪ፣ እንዳትሄድብህ ነው እንዴ ቃሉን ሁሉ የቀማኻት?»

ቀልዷ ነው። እታለም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁለቱ ዘግይቼ ጀምሬ ከሁለቱ ቀድሜ ጨረስኩ። ብርቱካን ልላጭላቸው ብዬ ማዕድ ቤት ገባሁ። ቀለሙ የተላጠውን በር እያየሁ ቆምኩ።

ማምሻውን የራሴን ጥናት ከሻንጣ ሥር አወጣሁት። አንድ ምዕራፍ አለው፤ ፈታኞች በቦታቸው የገቡ የተለመዱ ሐረጎች ላሉበት ጽሑፍ የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ የሚል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠፍቶኝ አልነበረም። ታዲያ ለምን ሐረጎቿን ቦታ ቦታ በማስያዝ ፈንታ ጨርሼ ነጠቅኳት? ሰው ከምርኩዝ መላቀቅ አለበት ብዬ ስለማምን ነው አልኩ ለራሴ፤ አመንኩት። ትንሽ ቆየሁና አላመንኩትም። ሰው የራሱ ዳኛ ሲሆን ፍርዱ አያልቅም።

ረቡዕ ማለዳ እታለም ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ይቅር» አለች።

«ምኑ?»

«ፈተናው። ሦስተኛ ጊዜ ከመዋረድ ይቅርብኝ። ደግሞ እዚህስ ምን ጎደለኝ? ቤት አለኝ፣ ሥራ አለኝ። አንተም መጥተሃል።»

የፈለግኩት ይህንን ነበር። ሳልጠይቅ፣ ሳልለምን፣ እግሬ ድረስ መጣልኝ። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ዝምታዬን እንደ መስማማት ሳትወስደው አልቀረችም፤ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወጣች።

ሻይ አፍልቼ ስቀመጥ መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ያለ እሱ ካርድ ማንበብ አትችልም። ኪሴ ከተትኩትና ተከትያት ወደ ሥራ ቦታዋ ሄድኩ።

የማዋለጃው ክፍል ከረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። ወለሉ ገና ተወልውሎ አልደረቀም። በሩ ላይ ወንድ ማለፍ ክልክል እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ አለ፤ ከጎኑ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ማለፍ የተከለከሉት ሁለት ወንዶች ተቀምጠዋል። አንደኛው የመኪና ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ሁለተኛው ዕድሜው ገፋ ያለ ነው፤ ፔርሙስ እንደ ልጅ አቅፏል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከበሩ ጀርባ የእታለም ድምፅ መጣ። «አይዞሽ የኔ እናት። ጎበዝ። ትንሽ ቀረሽ፣ በርቺ።»

ባለቁልፉ ዘሎ ተነሳ። «የኔዋን ነው! ሰማህ? ትንሽ ቀርቷታል።»

«ኧረ የኔዋን ነው» አለ ባለፔርሙሱ። «‹ጎበዝ› ስትል አልሰማህም? የኔዋ ጎበዝ ናት።»

«የኔዋስ ሰነፍ ናት?»

«እንዲህ አልወጣኝም፣ ወንድሜ።»

ወደ እኔ ዞሩ፤ እንድዳኛቸው ነው። አፌን ሳልከፍት ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን ከሌላ አልጋ፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል። «አይዞሽ የኔ እናት። ጎበዝ። ትንሽ ቀረሽ፣ በርቺ።»

«ይኸው! ይቺ ደግሞ ያንተዋ ናት» አለ ባለፔርሙሱ በለጋስነት፤ ሁለቱም ተደላድለው ተቀመጡ።

ልማድ ሆኖብኝ መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት። እህቴ ይህንን ቃል ሥራ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ ስትለው ኖራለች። አንዱም ቃል የራሷ አይደለም፤ ከእሷ በፊት የነበሩ አዋላጆች ሲሉት የኖሩት ነው፤ ከእሷ በኋላ የሚመጡትም ይሉታል። ከውስጥ አንዲት ሴት በደከመ ድምፅ፣ «እሺ እህቴ፣ እሺ» ስትል ሰማሁ። ለዚያ ሁሉ ሰው የተባለውን ቃል ለእሷ ብቻ እንደተባለ አድርጋ ነበር የተቀበለችው።

እታለም ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። መነጽሩን ሰጠኋት። ኮሪደሩ ላይ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ካርዱን ሳበችና መጻፍ ጀመረች። በተረጋጋ ሁኔታ ላይ ትገኛለች። ክትትል እየተደረገላት ነው። እጇ አልቆመም፤ ቀና ብላ ባለፔርሙሱን «አባት፣ ሙቅ ነገር ነው የያዙት? ጥሩ፣ ይቆይልን» እያለችም አልቆመም።

«ምነው ቆምክ?» አለችኝ። «ኮሌጅ የለህም?»

«ስትመለሺ እንጽፋለን።»

«ይቅር አልኩህ እኮ።»

«አንቺ ነሽ ይቅር ያልሽው። እኔ አላልኩም።»

ከመነጽሩ በላይ አየችኝና ወደ ካርዱ ተመለሰች።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ፈለግኩት። የቆየው ፕላስተር አልይዝ ስላለኝ ከእሷ ሳጥን አዲስ አውጥቼ፣ ቀለሙ በተላጠው ቦታ ላይ መልሼ ለጠፍኩት። ትንሽ ጠሟል።

አመሻሽ ላይ እግሯን ወንበሩ ላይ ስትሰቅል፣ «ታካሚ ስትረከቢ መጀመሪያ ምን ትጽፊያለሽ?» አልኳት።

«ማን እንደሆነች፣ ለምን እንደመጣች።»

«ከዚያስ?»

«ያየሁትን። ያደረግኩትን። ከዚያ ምን እንደሚደረግ።»

«በቃ። ፈተናውም ታካሚ ነው። ሐረጎችሽን ሁሉ ያዢ፤ ግን እያንዳንዱን ሥራ ስጪው። ‹በሌላ በኩል› የሚገባው ሁለተኛ ሐሳብ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ሕፃን ከሌለ መንታ ነው ብለሽ አትጽፊም።»

«ውይ!» አለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «እስከ ዛሬ ስንት መንታ አዋልጃለሁ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀቷ መሙላት ጀመረ። ትሳሳታለች፤ ግን እየሄደች ነው የምትሳሳተው። እኔ ቀዩን እስክሪብቶ ትቼ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ቀዮ መጥታ ገጹ መሙላቱን ስታይ፣ «ኧረ ቃሉን መለሰልሽ!» ብላ እልል አለች።

ፈተናው ሊደርስ ሲል ከቆዩ ጥያቄዎች አንዱን ሰጠኋት፤ ስለምትኖሪበት ቤት ጻፊ የሚል። ስትጨርስ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ደብቃ፣ «ይሄን ለፈታኝ አልሰጥም፤ ላንተ ነው» አለች። በእንግሊዝኛ ነው የጻፈችው፤ በእኛ አፍ ሲሆን እንዲህ ይላል፦

«ቤቱ ያረጀ ነው፤ ሆኖም በተረጋጋ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ጣሪያው አልፎ አልፎ ያፈሳል፤ ክትትል እየተደረገለት ነው። ነዋሪዎች ሁለት ናቸው። ታላቅ እህት ትጮኻለች። በሌላ በኩል፣ ታናሽ ወንድም ምግብ ይወስዳል፣ ብዙ አይናገርም፣ በመስኮት ያያል። አዲስ ቅሬታ የለም።»

እስክናለቅስ ሳቅን። እሷ ወንበሩን ይዛ ሳቀች፤ እኔ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሳቅኩ። ከዚያ እኔ ቀና ሳልል ቆየሁ።

«ምነው?» አለች።

«ምንም።»

«አንተ ልጅ፣ እየኝ።»

አየኋት። አላመመኝም የምትል ወላድን እንደምታይ ነበር የምታየኝ።

«እንድሄድ ትፈልጋለህ?»

ስንት ሰው በራስህ ቃል ተናገር ብዬ አስተምሬአለሁ። በራሴ ቃል ብናገር ኖሮ ከአፌ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አትሂጂ። እሷ ትሰማዋለች፣ ትቀራለች፤ እኔም በየቀኑ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሳያት እኖራለሁ። ስለዚህ በራሴ ቃል አልተናገርኩም። ሁሉም ሰው የሚለውን፣ እናታችን እኔን ስትሸኝ ያለችውን፣ የእሷም እናት ለሌላ ሰው ያለችውን ብድግ አድርጌ ያዝኩት።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» አልኩ።

እሱም እንደ ምርኩዝ ያዘኝ። ድምፄ አልተሰበረም። እታለምም መባል ያለበትን፣ «አሜን» አለችና ወረቀቷን ሰብስባ ዕቃ ልታጥብ ተነሳች።

ፈተናውን አለፈች። ውጤቱን ያየችው ሥራ ላይ ሆና ነው፤ የነገረችኝ ግን ቀዮ ናት፣ በስልክ፣ እየጮኸች። ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ነው የሆነው። የሻንጣ ሚዛን፣ የሚሰጥ ልብስ፣ የሚሰነባበት ሰው። በር ላይ ቀዮ አለቀሰች፤ እታለም «አይዞሽ፣ በርቺ» አለቻት፤ ቀዮ እንባዋን እየጠረገች «እኔ ልወልድ ነው እንዴ!» አለች። እታለም እኔን አቅፋ ለቀቀችኝ፤ እኔም ሻንጣዋን አነሳሁላት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቅ ስሄድ ባለሱቁን ቀድሜው፣ «እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደህና? ሥራስ?» እለዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ተጠራጥሮ አየኝ። አሁን ሳሙና ሲያወርድልኝ ስለ ልጁ ትምህርት ያወራኛል። ቤት ስመለስ የማዕድ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ወረቀቱን ከበሩ ላይ አላነሳሁትም። እሷ እግሯን የምትሰቅልበት ወንበርም ከጠረጴዛው ሥር አልገባም፤ ወደ እሷ ቦታ እንደዞረ ነው።

እሑድ ከሰዓት ትደውላለች። ድምፁ እየዘገየ ስለሚመጣ አንዳችን ሌላችንን እንጠብቃለን።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። ብርዱ እንዴት ነው?»

«እዚህ ምን ብርድ አለ? ያንቺ እንጂ።»

«ለምጄዋለሁ። በላህ?»

«በላሁ።»

«ሥራስ?»

«ይመስገን።»

በእሷ በኩል አንድ በር ሲዘጋ ይሰማኛል፤ የማላውቀው በር ነው። ከዚያ እንደ ድሮው አድርጋ፣ እንደ ተረኛ፣ «ቅሬታስ?» ትለኛለች።

ወንበሩን አየዋለሁ።

«አዲስ የለም» እላታለሁ።